ማወቅና ማሳወቅ

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። የዚህ ምሳሌ መሠረታዊ ትርጓሜው መልካም ነው፤ ይኸውም ባለሙያ የሆነ ሰው ሙያውን በሥራው ይገልጠዋል እንጂ በአደባባይ አይፎክርበትም ማለት ነው። ነገር ግን አንዳንድ ባለሙያ ቃሉን ከቦታው አንሥቶ ሌላ ትርጓሜ ሰጠው። ሙያ ማለት ከልብ የማይወጣ፣ ለሌላ የማይገለጥ፣ ከባለቤቱም ጋራ ወደ መቃብር የሚወርድ ነገር መሰለው። ከዚህም የተነሣ በየሥራው ቦታ አንድ የታወቀ ችግር ይታያል። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ይሆንና፣ እርሱ በታመመ ቀን ሥራው ይታመማል፤ እርሱ ጡረታ በወጣ ቀን ሥራውም አብሮ ጡረታ ይወጣል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ክፋት ሳይኖር የሚደርሰው ጉዳት ነው። ሙያውን ለመደበቅ ያላሰበ፣ እንዲያውም ለአዲስ ሠራተኛ ማሳየት የሚወድ ባለሙያ ብዙ አለ፤ ሆኖም እንዴት እንደሚያሳይ አያውቅም። አንድ ጊዜ በችኰላ ይናገራል፤ አንድ ጊዜ ራሱ ሠርቶ ያሳያል፤ ከዚያም «ገባህ?» ብሎ ይጠይቃል። አዲሱ ሠራተኛም አፍሮ «አዎን፣ ገብቶኛል» ይላል። በማግሥቱ ሥራው ሲበላሽ «ይህ ሰው አይረባም» ይባላል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሥራን ማወቅና ሥራን ማሳወቅ አንድ ሙያ ነውን፣ ወይስ ሁለት? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ታሪክ በሃያኛው ምዕተ ዓመት ውስጥ ተፈጽሞአል። ታሪኩም በአሜሪካ የመርከብ መሥሪያዎች ተጀምሮ፣ በጃፓን ፋብሪካዎች አልፎ፣ በመጨረሻ ፍሬው ወደ አገራችን የደረሰ ነው። የውጭ አገሩን ታሪክ ዘመን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የምንጽፈውን ግን «ዓ.ም.» ብለን እንለየዋለን።

መርከብ ሠሪ የጠፋበት ዘመን

በ1917 የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ወደ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ገቡ። ወታደሩን፣ ስንቁንና መሣሪያውን አትላንቲክን አሻግሮ ወደ አውሮፓ የሚያደርስ ብዙ መርከብ ያስፈልግ ነበር። የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ደግሞ በባሕር ላይ ያለውን መርከብ ከቀን ወደ ቀን ያሰጥሙት ነበር። ስለዚህ መንግሥቱ በዚያው ዓመት መርከብ የሚያሠራ ልዩ ድርጅት አቋቋመ። ገንዘብ ተመደበ፤ ብረትና እንጨትም ተሰበሰበ። የጐደለው ነገር ቢኖር ሰው ነበር። የመርከብ መሥሪያዎቹ ሠራተኛ ወደ ዐሥር እጥፍ ማደግ ነበረበት፤ ሊቀጠር ከሚመጣው ሰው አብዛኛው ግን የመርከብ ብረት በምን እንደሚጋጠም አይቶ የሚያውቅ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ሰው የማሠልጠን ኀላፊነት ከተሰጣቸው ሰዎች አንዱ ቻርልስ አለን ነበር። አለን በማሳቹሴትስ ግዛት በሙያ ትምህርት ሥራ ላይ የኖረ ሰው ስለ ነበረ፣ በሙያው የታወቀ ሠራተኛ ሁሉ አስተማሪ ሊሆን እንደማይችል ያውቃል። በእርግጥም ሙያው በእጁ ውስጥ ፈጽሞ የገባለት ሰው እጁ የሚሠራውን አሳቡ አያስተውለውም። መዶሻውን ለምን አዘንብሎ እንደሚይዝ ቢጠየቅ «እንዲህ ነው የሚያዝ» ከማለት በቀር መልስ የለውም። ይሁን እንጂ ሥራውን ከማያውቅ መምህር ይልቅ ማስተማርን የማያውቅ ባለሙያ ይሻላል፤ ምክንያቱም ማስተማርን በአጭር ጊዜ ሊማር ይችላል። ስለዚህ ዐዋቂዎቹ ሠራተኞች ከዚያው ከሥራው ቦታ ተመርጠው የማስተማርን ሥርዓት እንዲሠለጥኑ ተደረገ።

የአለን ሥርዓት አራት ደረጃዎች ነበሩት። መጀመሪያ የተማሪውን አሳብ ማዘጋጀት፣ ሁለተኛ ትምህርቱን ማቅረብ፣ ሦስተኛ ተማሪው ራሱ እንዲሠራው ማድረግ፣ አራተኛ ያለ ረዳት መሥራት መቻሉን መፈተን ናቸው። ስለ አስተማሪው፣ ስለ ሠራተኛውና ስለ ሥራው በ1919 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሥርዓት በሰፊው ገለጠው።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት መምህሩ መንገዱን ያሳያል፤ ተማሪው ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ቀጥሎም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ስሕተቱን እየነቀሰ ያርመዋል። ተማሪው ራሱ ሳይሠራው «ተምሬአለሁ» ሊል አይችልም። የአለን አዲስ ሥራ ይህን የመሰለውን ሥርዓት ለመዶሻና ለብረት፣ እጅግም ለሚቸኵል ጊዜ እንዲስማማ አድርጎ ማዘጋጀቱ ነው።

ጦርነቱ በ1918 ሲያበቃ የመርከቡ ጥድፊያ ቆመ። ሥርዓቱም ከሙያ መምህራን ክበብ ውጭ ብዙ ሰው ሳያስታውሰው ሃያ ዓመት ያህል ቈየ።

ከአምስት ዓመት ወደ ጥቂት ወራት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ያው ችግር በሚበልጥ ኀይል ተመልሶ መጣ። በ1940 በሰኔ ወር ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ወደቀች። አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ ባትገባም መሣሪያ በብዛት ማሠራት ጀመረች። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር መንግሥቱ «በኢንዱስትሪ ውስጥ ሥልጠና» የሚል ትርጓሜ ያለው ስም የተሰጠውን የሥራ ክፍል አቋቋመ። መሪዎቹ ቻኒንግ ዱሊና ዋልተር ዲትዝ፣ ከእነርሱም ጋራ የነበሩት ባልደረቦቻቸው፣ ከታላላቅ ኩባንያዎች የመጡና የሠራተኛን ሥልጠና ለብዙ ዓመት የመሩ ሰዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ጦርነት ጊዜ የተሠራበትን የአለንን ሥርዓት ያውቁት ስለ ነበረ ከተረሳበት አነሡት።

ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች አንዱ የሌንስ ሥራ ነበር። ለመድፍ ማነጣጠሪያና ለአቅርቦ ማያ መነጽር የሚሆን ሌንስ በጣም ያስፈልግ ነበር፤ ሌንስ የሚሞርድ ባለሙያ ግን ጥቂት ነበር። አንድ ሰው በዚህ ሥራ ፍጹም ባለሙያ ለመሆን አምስት ዓመት ያስፈልገዋል ተብሎ ይታመን ነበር። አምስት ዓመት የሚጠብቅ ጦርነት ደግሞ የለም።

የሥራ ክፍሉ ሰዎች ወደ ሥራው ቦታ ሄደው፣ «ባለሙያው ከጧት እስከ ማታ የሚሠራው ምን ምን ነው?» ብለው ዘርዝረው ተመለከቱ። በዚህ ጊዜ አንድ ሥራ ይመስል የነበረው የብዙ ጥቃቅን ሥራዎች ድምር ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህ ውስጥ የባለሙያን እጅ በእርግጥ የሚፈልጉት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። የቀሩትን አዲስ ሠራተኛ በአጭር ጊዜ ሊለምዳቸው ይችላል። ነባሩ ባለሙያ ከባዱን ሥራ እንዲይዝ፣ አዲሱ ሠራተኛ ቀላሉን አንድ በአንድ እየተማረ እንዲሄድ፣ የሚያስተምሩትም የማስተማርን ሥርዓት እንዲማሩ ተደረገ። የመማሪያውም ጊዜ ከዓመታት ወደ ወራት ወረደ።

ከዚህ የምንማረው ምሥጢሩ በብርጭቆው ውስጥ አለመኖሩን ነው። አምስቱ ዓመት የሥራው ክብደት ብቻ የጠየቀው ጊዜ አልነበረም፤ ከፊሉ ሥርዓት ባለው መንገድ የሚያስተምር ሰው ባለመኖሩ የጠፋ ጊዜ ነበር። ወጣቱ ከባለሙያው አጠገብ እየቆመ፣ መሣሪያ እያቀበለ፣ ወለል እየጠረገ፣ በዓይኑ የሰረቀውን ያህል ብቻ ሲማር ይኖር ነበር።

የቋጠሮው ትምህርት

የሥራ ክፍሉ ሥልጠናውን የሚሰጠው ለፎርማኖችና በሌሎች ላይ ኀላፊነት ላላቸው ሠራተኞች ነበር። ዐሥር ያህል ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ ትምህርቱም በየስብሰባው 2 ሰዓት ሆኖ፣ በ5 ስብሰባ፣ በጠቅላላው 10 ሰዓት ብቻ ይፈጃል።

በመጀመሪያው ስብሰባ የሚደረግ አንድ ፈተና ነበር። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የመብራት ገመድ ወደ አምፑል መያዣ ሲያስገቡ፣ ገመዱ ቢሳብ ሽቦው እንዳይነቀል ውስጡ የሚቋጥሩት አንድ ቋጠሮ አለ። አሠልጣኙ ከተሰበሰቡት አንዱን ያስነሣና የቋጠሮውን አሠራር በቃል ብቻ ይነግረዋል፤ «የቀኙን ጫፍ ይዘህ በግራው ፊት አሳልፈህ፣ በኋላው አዙረህ…» እያለ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ከዚያም ገመዱን ሰጥቶ «እንግዲህ ቋጥር» ይለዋል። ሰውዬው አይችልም። ቀጥሎ ሌላውን ያስነሣና አንድም ቃል ሳይናገር ፊት ለፊቱ ቆሞ ቋጥሮ ያሳየዋል። ይኸኛውም አይችልም፤ ፊት ለፊት የቆመ ሰው የሚያየው ቀኙን በግራ፣ ግራውን በቀኝ አድርጎ ነውና። የተሰበሰቡት ሁሉ ለዓመታት ሌሎችን ሲያሠሩ የኖሩ፣ በዕድሜም በሙያም የበሰሉ ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም አንዲት ትንሽ ቋጠሮ ታሸንፋቸዋለች።

በሦስተኛው ጊዜ አሠልጣኙ ሥርዓቱን ተከትሎ ያስተምራል። ተማሪውን ከጐኑ ያቆመዋል፤ ሥራውንና ጥቅሙን ይነግረዋል፤ አንዱን ክፍል ይናገራል፣ ያሳያል፣ ያቆማል፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው ያልፋል። አሁን ተማሪው ቋጠሮውን ይቋጥራል። በዚህም መናገር ብቻውን፣ ማሳየትም ብቻውን ማስተማር እንዳይደለ እያንዳንዱ ሰው በገዛ ዓይኑ አይቶ ይረዳል።

አራቱ ደረጃዎችና ከእነርሱ በፊት የሚደረገው

ለፎርማኖቹ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ካርድ ይሰጣቸው ነበር። በካርዱ ላይ የተጻፈው አሳብ ከአለን አራት ደረጃዎች የተወለደ ነው። እኛም በራሳችን ቃል እንደሚከተለው እናቀርበዋለን።

በመጀመሪያው ደረጃ አስተማሪው ሠራተኛውን ያዘጋጃል። ፍርሃቱን ያርቅለታል፤ ሥራው ምን እንደ ሆነ ይነግረዋል፤ ከዚህ በፊት ምን ያህል እንደሚያውቅ ይጠይቀዋል፤ ሥራው ለምን እንደሚጠቅም ያስረዳዋል፤ በሚገባ ለማየት በሚችልበት ቦታም ያቆመዋል። በሁለተኛው ደረጃ ሥራውን ክፍል በክፍል ይነግረዋል፣ ያሳየዋል። በየክፍሉ ዋናውን ነጥብ አጥብቆ ይገልጥለታል፤ በአንድ ጊዜ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ግን አይጭንበትም። በሦስተኛው ደረጃ ሠራተኛው ራሱ ይሠራል፤ አስተማሪውም ስሕተቱን ወዲያው ያርማል። እንደ ገና ሲሠራ እያንዳንዱን ዋና ነጥብ በራሱ አፍ እንዲያስረዳ ይጠይቀዋል። «ገባህ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ቦታ የለውም፤ መግባቱን የሚያስረዳው የሠራተኛው እጅና ቃል ነው። በአራተኛው ደረጃ ሠራተኛው ብቻውን እንዲሠራ ይተዋል፤ ሲቸገር የሚጠይቀው ሰው ማን እንደ ሆነ ይነገረዋል። አስተማሪው በመጀመሪያ ቶሎ ቶሎ እየመጣ ያየዋል፤ ጥያቄ እንዲጠይቅ ያደፋፍረዋል፤ ከዚያም ጕብኝቱን እያሳነሰ ቀስ በቀስ ይርቃል።

ከአራቱ ደረጃዎች በፊት ደግሞ አስተማሪው ለብቻው የሚሠራው ዝግጅት አለ። ከሁሉ አስቀድሞ ማን፣ የትኛውን ሥራ፣ እስከ መቼ ድረስ መማር እንዳለበት በሠንጠረዥ ይጽፋል። ቀጥሎ ሥራውን በሁለት ዐምድ ይዘረዝራል፤ በአንደኛው ዐምድ የሥራውን ዋና ዋና ክፍሎች፣ በሁለተኛው የየክፍሉን ዋና ነጥብ ያሰፍራል። ዋና ነጥብ የሚባለው ሥራውን የሚያሳምር ወይም የሚያበላሽ፣ ሠራተኛውን ከአደጋ የሚጠብቅ፣ ወይም ሥራውን የሚያቀልል ነገር ነው። በመጨረሻም መሣሪያውና ቦታው ሁሉ ተሟልቶ መገኘቱን ይመለከታል።

የሥራ ክፍሉ ከዚህ ሁሉ ያወጣው ፍርድ አንድ ነው፤ ሠራተኛው ሥራውን ሳያውቀው ከቀረ አስተማሪው አላስተማረውም ማለት ነው። ይህ ፍርድ ለአለቃ የሚመር ነው። ነገር ግን ጥቅሙን እናስተውል። ጥፋቱ የሠራተኛው ተፈጥሮ ነው ካልን ከማባረር በቀር መድኀኒት የለንም። ጥፋቱ የማስተማሩ ነው ካልን ግን ነገ በተሻለ መንገድ ልናስተምር እንችላለን።

ሥርዓቱ በጽሕፈት ቤት ሲሠራበት

አንባቢ «ይህ የፋብሪካ ነገር ነው፤ ለጽሕፈት ሥራ ምን ይረባል?» ይል ይሆናል። ስለዚህ በመዝገብ ቤት ውስጥ ያለውን እጅግ ተራ ሥራ፣ ይኸውም ገቢ ደብዳቤ መቀበልን እንመልከት።

አብዛኛውን ጊዜ ለአዲሱ ጸሐፊ የሚነገረው «ደብዳቤ ሲመጣ ተቀብለህ መዝግብ» የሚል ቃል ነው። ሥራው ሲዘረዘር ግን አራት ክፍል አለው፤ መቀበል፣ ቁጥርና ቀን መስጠት፣ መመዝገብ፣ ወደሚመለከተው ክፍል መምራት። የመቀበሉ ዋና ነጥብ በመረከቢያው ላይ ከመፈረም በፊት አባሪውን መቍጠር ነው፤ ከተፈረመ በኋላ የጐደለ ወረቀት የተቀባዩ ዕዳ ነውና። የመመዝገቡ ዋና ነጥብ ጕዳዩን በአጭሩ፣ ነገር ግን ከሌላ ጕዳይ ጋራ በማይምታታ ቃል መጻፍ ነው፤ «ስለ ሠራተኛ ጕዳይ» ተብሎ የተመዘገበ ደብዳቤ ከስድስት ወር በኋላ ቢፈለግ አይገኝም። የመምራቱ ዋና ነጥብ ተረካቢውን ማስፈረም ነው። መዝገቡ በብዕር የሚጻፍ ቢሆን ወይም ዛሬ እንደ ተለመደው በኮምፒውተር የሚያዝ ቢሆን ነጥቦቹ አይለወጡም።

እነዚህን ነጥቦች ነባሩ የመዝገብ ቤት ሹም ሁሉ ያውቃቸዋል። ያወቃቸው ግን አባሪ በመጥፋቱ ሲወቀስ፣ ደብዳቤ በማጣቱ ሲቀጣ፣ በዓመታት ውስጥ ነው። ሥርዓቱን ቢከተል ግን ያንን የዓመታት መከራ ለአዲሱ ጸሐፊ በአንድ ቀን ትምህርት ሊያስቀርለት ይችላል። ከባለሙያው የሚፈለገው ስጦታ ይህ ነው።

በእርግጥ ሥርዓቱ ወሰን አለው። አስቸጋሪ ጕዳይ ቀርቦለት ውሳኔ የሚሰጥ ሹም፣ ወይም ሁለት ወገን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ሥራውን በሁለት ዐምድ ዘርዝሮ ሊያስረክብ አይችልም። ማስተዋል በጊዜና በምክር የሚበስል ነገር ነው። ነገር ግን ሊዘረዘር የሚችለው ሥራ በሥርዓት ከተላለፈ፣ ለማይዘረዘረው የሚበቃ ጊዜና ምክር ይተርፋል።

አለቃ ከሠራተኛው ጋራ

የሥራ ክፍሉ ቈይቶ ሁለት ሌሎች ሥልጠናዎችን ጨመረ። አንደኛው የአሠራርን ዘዴ ስለ ማሻሻል ነው። በዚህ ሥልጠና ፎርማኑ እያንዳንዱን የሥራ ክፍል «ይህ ለምን ያስፈልጋል? የት፣ መቼ፣ በማን፣ እንዴትስ ቢሠራ ይሻላል?» ብሎ መጠየቅን ይማራል። ሁለተኛው አለቃ ከሠራተኞቹ ጋራ ስለሚኖረው ግንኙነት ነው። መሠረቱም አራት ነገር ነው፤ ሠራተኛው የሥራውን ሁኔታ፣ ማለት መልካሙንና ጕድለቱን፣ ከአለቃው እንዲያውቅ ማድረግ፣ ደኅና ሲሠራ ሳይዘገዩ ማመስገን፣ እርሱን የሚነካ ለውጥ ሲመጣ አስቀድሞ መንገር፣ ያለውንም ችሎታ ሳያባክኑ መጠቀም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ከሥልጠናው ጋራ በቀጥታ የተያያዘ ነው። በሠራተኛው ውስጥ ያለውን ችሎታ ያልፈለገ አለቃ ምን እንደሚያስተምረው አያውቅም። ስድብ የሚፈራ ሠራተኛም ያልገባውን «አልገባኝም» አይልም፤ «አልገባኝም» የማይባልበት ቤት ደግሞ ትምህርት የለበትም።

ጦርነቱ አብቅቶ የሥራ ክፍሉ በ1945 ሲዘጋ፣ ከ16,000 በሚበልጡ ድርጅቶች 1,750,000 ያህል ሰዎች በእነዚህ ሥልጠናዎች ምስክር ወረቀት ተቀብለው ነበር። ይህን ያህል ሰው ማሠልጠን የተቻለው ጥቂት ዋና አሠልጣኞች ሌሎችን አሠልጣኞች ስላፈሩ፣ እነዚያም ፎርማኖችን ስላስተማሩ ነው። ወደ ፋብሪካው በብዛት የገቡት፣ ከዚያ በፊት መኪና ነክተው የማያውቁ ሴቶችም በአጭር ጊዜ ሥራውን ለመያዝ የቻሉት ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው።

ከአሜሪካ ወደ ጃፓን

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። በአሜሪካ የመንግሥቱ የሥራ ክፍል ከተዘጋ ወዲያ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ሥርዓቱን ቀስ በቀስ ተዉት። ወታደሩ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ገበያውም ሰፊ ስለ ነበር የሚያስጨንቅ ነገር አልነበረም። ችግር ያስተማረው ነገር በጥጋብ ጊዜ ተረሳ።

ጃፓን ግን በጦርነቱ ተሸንፋ፣ ከተሞቿና ፋብሪካዎቿ ፈርሰው፣ በአሜሪካ ጦር አስተዳደር ሥር ነበረች። አስተዳደሩ የአገሪቱ ኢንዱስትሪ እንዲያንሰራራ ሲያስብ ይህ ሥልጠና እንዲገባ አደረገ። በ1951 የሥራ ክፍሉ ባልደረባ የነበረው ሎዌል ሜለን ከጥቂት አሠልጣኞቹ ጋራ ወደ ጃፓን ሄዶ ጃፓናውያን አሠልጣኞችን አሠለጠነ። ከዚያ በኋላ ሥራውን ጃፓናውያን ራሳቸው ያዙት፤ የአገሩም የሥራ ሚኒስቴር በየፋብሪካው አስፋፋው።

በእነዚያው ዓመታት ሥልጠናውን ከተቀበሉት ፋብሪካዎች አንዱ የቶዮታ የመኪና ፋብሪካ ነው። ቶዮታ የአሠራር ማሻሻያውን ሥልጠና ለራሱ እንዲስማማ አድርጎ ለወጠው፤ ሥራን የማስተማሩን ሥርዓት ግን መሠረቱን ሳይለውጥ ይዞት ኖረ። ዋና ክፍልና ዋና ነጥብ የሚጻፍበት ወረቀት፣ አራቱም ደረጃዎች፣ የፋብሪካው ልማድ ሆኑ። ካይዘን ተብሎ በዓለም የታወቀው የማያቋርጥ የሥራ ማሻሻል ልማድ ከተወለደባቸው ምንጮች አንዱ ይህ ሥልጠና መሆኑን ነገሩን የመረመሩ ሰዎች ይመሰክራሉ። በሃያ አንደኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያም አሜሪካውያን የጃፓንን ፋብሪካዎች ምሥጢር ለመማር ሲመረምሩ የገዛ አባቶቻቸውን ካርድ አገኙ። ዕውቀት የሚቀረው ከፈለሰፈው ዘንድ ሳይሆን በየቀኑ ከሚሠራበት ዘንድ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ይህ ታሪክ ወደ ኢትዮጵያም ደርሶአል። በ2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የካይዘን አሠራር ወደ አገራችን እንዲገባ የጃፓንን መንግሥት እርዳታ ጠየቁ። በ2002 ዓ.ም. ጃይካ በሚባለው የጃፓን የትብብር ድርጅት ረዳትነት 30 ድርጅቶች ለሙከራ ተመርጠው ሥራው ተጀመረ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ካይዘን የሚለው ቃል በፋብሪካና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ የተለመደ ሆኖአል። ሆኖም ቃሉ በግድግዳ ላይ ሲለጠፍ፣ ዕቃውም በመልክ በመልኩ ሲደረደር፣ ከሥሩ ያለው የማስተማር ሥርዓት እንዳይዘነጋ ያሠጋል። ሥራውን በሚገባ ያልተማረ ሠራተኛ ሥራውን ሊያሻሽል አይችልም።

የአራተኛውን ደረጃ ፍሬ፣ ማለት አስተማሪው ቀስ በቀስ የሚርቅበትን ትምህርት ለማየት ግን ከካይዘን በፊት የተሠራ የራሳችን ምሳሌ አለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከአሜሪካው ከቲ ደብልዩ ኤ ኩባንያ ጋራ በተደረገ ስምምነት ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላን ነጂዎችና ሥራ መሪዎችም አሜሪካውያን ነበሩ። ኢትዮጵያውያን ከእነርሱ ጋራ እየሠሩ ተማሩ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ዲሲ ሦስት የተባለውን አውሮፕላን በአዛዥነት በማብረር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ሆኑ። በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ከመጀመሪያው በረራ እስከዚህ ሹመት ሃያ አምስት ዓመት ያህል ነው። አስተማሪው የሚመሰገነው ለዘለዓለም ተፈላጊ ሆኖ በመኖሩ ሳይሆን፣ አንድ ቀን እርሱ ሳይኖር ሥራው በመቀጠሉ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በልቡ የሚይዘውን፣ በአፉ ግን የማያወጣውን ሥጋት ማንሣት ይገባናል። «የማውቀውን ሁሉ ካሳወቅሁ እኔ ለምን እፈለጋለሁ?» የሚል ነው። ሥጋቱ የሚናቅ አይደለም፤ እንጀራን የሚነካ ነውና። መልሱም በባለሙያው ጫንቃ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። አለቃው ሥራ ያስተማረውን ሰው ካላመሰገነ፣ በዕድገትም ጊዜ ካላሰበው፣ እንዲያውም ያስተማረውን ወጣት አንሥቶ በእርሱ ላይ ከሾመበት፣ ባለሙያው ሙያውን በልቡ ቢቈልፍ አይፈረድበትም። ስለዚህ ማስተማር በትርፍ ጊዜ የሚደረግ ቸርነት ሳይሆን የሥራው አንድ ክፍል ሆኖ መቈጠር አለበት። የአንድ ነባር ሠራተኛ የሥራ ውጤት ሲመዘን ራሱ ከሠራው ጋራ ስንት ሰው እንዳሠለጠነም ሊጠየቅ ይገባል።

ይህን ለመጀመር ትልቅ ገንዘብ ወይም የውጭ አገር ጕዞ አያስፈልግም። እያንዳንዱ የክፍል ኀላፊ አንድ ወረቀት ይውሰድ። በላዩ የክፍሉን ሥራዎች፣ በጐኑ የሠራተኞቹን ስም ይጻፍ፤ የትኛውን ሥራ ማን እንደሚችል ምልክት ያድርግ። አንድ ምልክት ብቻ ያለበት ሥራ ሁሉ አደጋ ላይ ያለ ሥራ ነው። ከእነዚህ አንዱን መርጦ፣ የሚማረውን ሰውና ትምህርቱ የሚያልቅበትን ቀን ወስኖ፣ ሥራውን ከሚያውቀው ሰው ጋራ በሁለት ዐምድ ይዘርዝረው። በሚቀጥለው ወር ሌላውን ይቀጥል። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በዓመቱ መጨረሻ ያ ወረቀት በምልክት ይሞላል።

በዚህ ዓመት ጡረታ የሚወጡ ብዙ ዐዋቂዎች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። የሚሰጣቸው የምስጋና ወረቀትና የስንብት ግብዣ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን በፊት በአጠገባቸው አንድ ወጣት ተቀምጦ፣ ሥራውን እየሠራ፣ እነርሱ እያዩ ቢያርሙት፣ ለእነርሱ የሚበልጥ ክብር፣ ለመሥሪያ ቤቱም የሚበልጥ ሀብት ይሆናል ብለን እናምናለን።